ስንቅና ፈቃድ

ሰው ወደማይበዛበት ምድር ለመሄድ ማቀድ ምን ማለት ነው? ጥያቄው መጀመሪያ የዕቃ ጥያቄ ይመስላል፤ ድንኳን፣ ውሃ፣ ናፍጣ፣ ትርፍ ጎማ። ወረቀት አውጥተን መንገዱን ስንጽፍ፣ ታርማበር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥለን ወደ መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ጓሳ ላይ ሁለት ሌሊት፣ ቀጥሎ ከደጋው ወርደን በአፋር ሜዳ እስከ ያንጉዲ ራሳ ፓርክ፣ ወረቀቱ ራሱ መልስ የሰጠን ይመስለናል። ጥያቄው ግን እዚያው ነው። ወደ ዱር የምንሄደው ከቀጠሮና ከሰዓት ለመገላገል ከሆነ፣ በዓመት ውስጥ ከምናወጣቸው ዝርዝሮች ሁሉ ጥብቁ የዚህ ጉዞ ዝርዝር የሆነው ለምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ መርሳት ዋጋው ትንሽ ነው። ክብሪት የረሳ ሰው ልጅ ወደ ሱቅ ይልካል፤ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ጥቂት ገፍቶ ጎሚስታ ያገኛል። አፋር ውስጥ ገዋኔን አልፎ ክብሪት የረሳ ሰው ግን ረስቶ ቀረ። እንግዲህ ከተማ ማለት ስሕተታችንን ሌሎች የሚሸከሙልን ቦታ ነው ማለት ይቻላል፤ ዱር ደግሞ ያንን ሸክም ከእኛ ጋር ጭነን የምንወጣበት። ብቻችንን ለመሆን በሄድን ቁጥር የብዙ ሰው ሥራ መኪናው ላይ ይጫናል፤ የጋጋሪው፣ የመካኒኩ፣ የውሃ ቀጂው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ «ብቻዬን ነኝ» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የውሃውን ስሌት እንየው። በቆላ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንይዝ፣ አራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ይበቃዋል። እስከዚህ ያለው ሒሳብ ነው። ከዚያ አንዳችን «አራተኛ እንጨምር» ይላል፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አራተኛው ጀሪካን ግን መልኩና ልኩ አንድ ይሁን እንጂ ከሦስቱ የተለየ ነገር ነው። ሦስቱ የምናውቀውን ይዘዋል፤ አራተኛው የማናውቀውን። ራዲያተሩ ቢፈላ፣ መኪናውን አሸዋ ቢይዘው፣ የተጠማ እረኛ መንገድ ላይ ቢያጋጥመን ብለን ነው የጫንነው። ታዲያ አለማወቅ ስንት ሊትር ነው? 20 ከበቃው ለምን 40 አይሆንም? 40 ከሆነስ ማን ያስቆመዋል? ማንኛውም ዕቅድ ቢፈተሽ እንዲህ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በቁጥር የሚያልቅ፣ ሌላው ቁጥር የለበሰ ፍርሃት ወይም ቁጥር የለበሰ እምነት። ፍርሃታችንን እስከ መጨረሻው ብንታዘዘው መኪናው በጀሪካን ይሞላና ክብደቱ ጎማውን አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል፤ እንዲያድነን የጨመርነው ጥንቃቄ ራሱ ይገድለናል። ጨርሶ ባንሰማው ደግሞ በሦስተኛው ቀን የምንጠጣው የለንም። «ይበቃል» የምንልበትን ቦታ የሚያሳይ ሒሳብ የለም። እዚያ ላይ ማቀድ የዕውቀት ሥራ መሆኑ ያበቃል፤ የባሕርይ ሥራ ይሆናል። ሰው ምን ያህል እንደሚፈራና ማንን እንደሚያምን የሚታወቀው ከንግግሩ ይልቅ ከጭነቱ ነው።

ምግቡም እንዲሁ ያስተክዛል። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ደጋ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ባቄላው በቀላሉ አይበስልም። ከተሜው መንገደኛ ይህን የሚያውቀው እዚያ ደርሶ፣ ግማሽ ጆንያ እንጨት ካነደደ በኋላ ነው። በሶ የሚይዝ ሰው ግን ይህ ችግር የለበትም። ገብሱ ቤት ውስጥ ተቆልቷል፣ ተፈጭቷል፤ እሳቱ አስቀድሞ ነድዶለታል፤ እዚያ ላይ የሚፈልገው ጥቂት ውሃና ጨው፣ ካገኘም ማር ነው። በሶ የያዘ መንገደኛ ከቦታው ምንም አይጠይቅም፤ ጨረንፌ የሚባለውን የጓሳ ቁጥቋጦ አይነቅልም፣ እሳት አያስነሣም። በስንቅና በስንቅ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ይመስለኛል። አንደኛው ስንቅ ሰውየውን ከረሃብ ይጠብቃል፤ ሌላው ደግሞ ቦታውን ከሰውየው ይጠብቃል። ዝርዝራችንን ስንጽፍ ሁልጊዜ የምናስበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለማሰብ ቦታው የአንድ ሰው እንደሆነ ማመን ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ወደ ዱር የሚሄድ ሰው ለማመን ይቸገራል፤ ዱር ያልነው ማንም የለበትም ብለን ነውና።

በአገራችን ወደ ምድረ በዳ የሚኬድበት ሌላ ጥንታዊ መንገድ እንዳለ አልዘነጋሁም። መናኙ ዝርዝር አይጽፍም፤ የመመለሻ ቀን የለውም። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ከአክሱም የሸሸው ሰው ይዞ የወጣው ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ነበር፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር እዚህ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን ጭነቱ ነው። ወርቁ ለሰው ዓለም ነው፤ ዳዊቱ ለዋሻው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢይዝ ኖሮ ወይ ነጋዴ ወይ መናኝ ይሆን ነበር፤ ሁለቱን መያዙ ግን ለመመለስም ላለመመለስም የተዘጋጀ ሰው ያደርገዋል። እኛ የምንመለስበትን ሰዓት ሳይቀር ጽፈን ስንወጣ ምድረ በዳው ደርሰናል ማለት እንችላለን? ብዙ ሰው «አይቻልም፤ መመለሱን የሚያውቅ ሰው አልሄደም» ይል ይሆናል። እኔ አልስማማም። የማይመለስ ሰው ለተወው ቦታ መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም፤ የሚመለስ ሰው ግን አለበት። ምን እንዳየ ይጠየቃል፣ ምን እንዳደረገ ይጠየቃል። ዕዳው ከመናኙ ይልቅ በጎብኚው ላይ ይከብዳል።

አሁን «ሩቅ» ስለምንለው ነገር። ጓሳ ለእኛ ሩቅ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ታርማበር፣ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም የጠጠሩ መንገድ። ለመንዝ ገበሬ ግን ጓሳ ከደጁ ወጥቶ ሣር የሚያጭድበት ቦታ ነው፤ ሩቅ ማለት ለእሱ ልጁ ለሥራ የሄደባት አዲስ አበባ ናት። ከጀማ ሸለቆ ወዲያ ዓለም ከተማ ለሚገበያየው የመርሐቤቴ ሰው ጓሳ የውርጭ አገር ነው፤ ራቤል ላለው የግሼ ሰው ጎረቤት ነው። ከጓሳ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ደግሞ ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ እስከ ጭጋጉ ድረስ ተዘርግቷል። እዚያ ታች ግመል የሚጠብቀው ሰው ቀና ሲል የሚያየው የደመና ግድግዳ ነው፤ ሩቁ፣ ብርዱ፣ እንግዳው ምድር ከላይ ያለው ነው። ስለዚህ ርቀት የመሬቱ ጠባይ አይደለም፤ የተመልካቹ ነው ለማለት እንቸኩላለን። ግን ቢሆን ኖሮ አራተኛው ጀሪካን ባላስፈለገን። ውሃ የሌለበት ቦታ ለተወለደበትም ሰው ውሃ የለውም። ልዩነቱ፣ የተወለደበት ሰው ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሚጠየቅ ያውቃል። እንግዲህ ርቀት በኪሎ ሜትርም፣ በተመልካች ዓይንም ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በስንት ሰው እንደምንታወቅ የሚለካ ነገር አለበት። መንገዱን የማያውቅ ሳይሆን ማንም የማያውቀው ሰው ነው ሩቅ ያለው።

ጓሳ ላይ አድሮ ጧት ከድንኳኑ የሚወጣ ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ ያልተነካ ይመስለዋል። በበጋ ከሆነ ውርጩ በድንኳኑ ሸራ ላይ ደርቋል፤ ሣሩ በየጉብታው ተሰብስቦ የበቀለ ስለሆነ ጫፉ ነጭ፣ ሥሩ ገና እርጥብ ነው፤ እግር በጉብታዎቹ መካከል ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ጅብራው ከርቀት የቆመ ሰው መስሎ ያሳስታል። ከገደሉ ጫፍ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ቋጥኝ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን በጣታቸው እየነጩ መብላት ይጀምራሉ። ይህን አይቶ «ተፈጥሮ እንደ ተፈጠረች» የሚል ሰው ግን ትልቁን ነገር አላየም። ጓሳ እንዲህ የቆየው ማንም ስላልደረሰበት አይደለም፤ ሰዎች ተማክረው ስለተዉት ነው። በትውፊት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉ አቅኚ አባቶች ትውልዳቸውን የሚቆጥሩ የመንዝ ሰዎች ይህን ደጋ በአጽመ ርስትነት ይዘው በቀሮ ሥርዓት አስተዳድረውታል። አለቃው አባ ቀራ ይባል ነበር፤ በባለመብቶቹ ይመረጣል። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ቦታው ሦስት፣ አራት፣ እንዲያም ሲል አምስት ዓመት ይዘጋል። ድርቁ ሲበረታ አዋጅ ይነገርና ይከፈታል፤ ከብት ይገባል፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ይታጨዳል፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል። የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ለቅቆ ይወጣል።

ይህን ከእኛ ወረቀት ጋር ባስተያየው ቁጥር የማቀድ ትርጉም ይገለበጥብኛል። የእኛ ዕቅድ ስለ መግባት ነው፤ የእነሱ ስለ አለመግባት ነበር። እኛ የምናቅደው በቀን ነው፤ እነሱ ያቀዱት በሣር ነው። አምስት ዓመት የተዘጋ መስክ አጠገብ፣ በበጋ ከብቱ አጥንቱ እየታየ፣ አጥር ሳይኖረው አልገባም ማለት ምን ዓይነት ዕቅድ ነው? እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ስንቁን ያስቀመጠው ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ሜዳ ላይ ነው፤ መቆለፊያውም የጎረቤቱ ትዝብትና የአባ ቀራው ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ እንግዳ ነገር ይወጣል። ዱር የምንለው፣ የሰው ዕቅድ ያልደረሰበት ነው የምንለው ቦታ፣ በዚህ አገር ካሉት ዕቅዶች ሁሉ ረጅሙ ዕቅድ ያለበት ሆኖ ተገኘ። ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፈው ሰው ስለሌለ አይደለም፤ ሰው ኖሮ ስለታገሠ ነው። መጀመሪያ ካልኩት ጋር የማይጣጣም ቢመስልም ይጣጣማል፤ ከተማ ሰዎች ስሕተታችንን በመሥራት የሚሸከሙልን ቦታ ከሆነ፣ ጓሳ ሰዎች ባለመሥራት የተሸከሙት ቦታ ነው።

ይሁንና ይህን ሥርዓት ሳመሰግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ትውልዱን ከነዚያ አባቶች መቁጠር ያልቻለ ሰው መብት አልነበረውም። ሣሩ የተረፈው በእኩልነት አይደለም፤ በዘር በተወሰነ መብት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አጽመ ርስት ቀረ፣ ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ትላንት በር ላይ የቆመው ድሃ ዛሬ ገባ። ገብቶም አጨደ፣ ነቀለ፣ አሰማራ። ይህን ሰው «አጥፊ» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ለዘመናት ሲከለከል የኖረ ሰው ሲከፈትለት ቀስ ብሎ ይግባ ማለት ከባድ ነው። ግን ሣሩም ሣር ነው፤ በፍትሕ የታጨደና በግፍ የታጨደ ሣር እኩል ያልቃል። ፍትሕን የሻረ ጥበቃ ዕድሜ የለውም፤ ጥበቃን የሻረ ፍትሕም የሚያካፍለው አያገኝም። የመንዝ ሰው ከዚህ አጣብቂኝ የወጣው አንዱን መርጦ አይመስለኝም። በኋላ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ተውጣጥቶ ኮሚቴ አቋቋመ፣ መዝጋትና መክፈቱን እንደገና ጀመረ፣ መብቱን ከትውልድ ወደ ነዋሪነት አዞረው፤ የአማራ ክልልም የኅብረተሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ በሕግ አወቀለት። አሮጌው ትዕግሥት ለአዲስ ባለቤት ተላለፈ። ይህ በመጽሐፍ ብዙ ያልተጻፈለት፣ ግን ትልቅ የፖለቲካ አሳብ ነው እላለሁ።

እንግዳ ግን በሁለቱም ሥርዓት ቦታ የለውም፤ የትውልድም የነዋሪነትም መብት የለውም። ታዲያ በምን ይገባል? እዚያው ጓሳ ላይ የተጠና አንድ ነገር ለዚህ ጥያቄ ይረዳኛል። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጥ ቀሪ ያለው ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንዱ፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ከጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ሲያድን ግን 67 በመቶ ይሳካለታል። ቁጥሩ ከሚያስደንቀኝ በላይ የሚያስደንቀኝ አካሄዱ ነው። ቀበሮው መንጋው ውስጥ ሲገባ አይሮጥም፤ ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይራመዳል፤ ከአጠገቡ ግልገል ጭላዳ እያለች ሊበላት የሚችለውን ይተዋታል። ውሻ ቢመጣ ወደ ገደሉ የሚሸሹት ጭላዳዎች ለእሱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ፈቃድ የተሰጠው በቃል አይደለም፤ ሊያደርግ የሚችለውን ባለማድረጉ ነው። ደግሞም ዕለት ዕለት እንደገና ማግኘት አለበት፤ አንድ ቀን አንዲቷን ግልገል ቢነጥቅ ሁሉም ያበቃል። የእንግዳ መብት ይህን የመሰለ ይመስለኛል። ተጽፎ የሚያዝ ወረቀት አይደለም፤ በየእርምጃው የሚታደስ ነገር ነው። ከዚህ አንጻር «ፈቃድ አግኝተናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ በኃላፊ ጊዜ መነገሩ ራሱ ስሕተት አለበት።

ከደጋው ወደ በረሃው ስንወርድ ይህ ነገር ይበልጥ ይጠነክራል። በ1902 ዓ.ም አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ አዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማወቅ በ1926 ዓ.ም በአፋር ምድር ተጓዘ። ከእሱ በፊት እዚያው አፋር ውስጥ ወዳለው አውሳ የገባው ቬርነር ሙንዚንገር በ1868 ዓ.ም ከነጭፍሮቹ ተገድሏል። የቴሲጀር ጉዞ አንድ ጊዜ በመንግሥት ትእዛዝ ተቋርጦ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ጀመረ። ግመል፣ ጠመንጃ፣ ስንቅ ሁሉ ነበረው። መንገዱን የከፈተለት ግን ከዚህ አንዱም አይደለም፤ የአውሳው ሱልጣን ሙሐመድ ያዮ በሌሊት ጫካ ውስጥ አግኝቶት ይለፍ ማለቱ ነው። አዋሽም አቤ ሐይቅ ገብቶ ሲቀር አየ። አንባቢ የሚያስታውሰው ሐይቁን ነው፤ እኔ የማስበው ግን ሱልጣኑ እሺ ሊል እንቢም ሊል የሚችልበትን፣ ማንም ዕቅድ የማይገባበትን የዚያን ሌሊት ጥቂት ጊዜ ነው። ዛሬ በያንጉዲ ራሳ ውስጥ የጅቡቲ አስፋልት ያልፋል፤ ሱልጣን ዘንድ መቅረብ የለም። ግን አስፋልቱን ለቅቆ የሚወጣ መኪና ከመቶ ሜትር በኋላ ያው አሮጌው ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓዱ የአንድ ጎሣ ነው፣ ግጦሹ የአንድ ጎሣ ነው፣ በአፋርና በኢሳ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቀው ካርታ ሳይሆን እረኛ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ከሁሉ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅ አለ፤ መልሱን የሚያውቅ እዚያ የሚኖር ሰው ብቻ ነው፤ መልሱም ለዛሬ እንጂ ለነገ አይሆንም።

ያ ፓርክ የተቋቋመው በተለይ ለዱር አህያ ሲባል ነው። የዱር አህያው አሁን ሊጠፋ የደረሰ እንስሳ ነው። መሐል ሜዳ ገበያ ገብስ ተጭና የምትወጣው አህያ ቅድመ አያቶቿ የዱር አህዮች ናቸው። ከላይ ያለችው የሰው ስንቅ ትሸከማለች፤ ከታች ያለው ምንም ሳይሸከም፣ ለነገ ሳያስቀምጥ፣ ሣርና ውሃ ያለበትን እየተከተለ ይኖራል። ከሁለቱ የምትበዛው የተሸከመችው መሆኗን ሳስብ ስለ ነፃነት ብዙ ጊዜ የምንናገረውን ለመድገም እፈራለሁ። ነፃ የሆነው ጥቂት ሆኖ የቀረው ነፃነቱ ስላልጠቀመው አይደለም፤ መሸሻው ስለጠበበ ነው። ከከብት ጋር ውሃ ይሻማል፣ ይታደናል፤ መኪና ሲሰማ ደግሞ ካለበት ይሸሻል። የእኛ መኪና ድምፅ በዚያ ስሌት ውስጥ ትንሽ ነው። ቢሆንም የማይቆጠር አይደለም፤ በሙቀት ውስጥ አንድ እንስሳ ሲደነግጥ የሚሮጠው ያጠራቀመውን ውሃ እያፈሰሰ ነው። እኛ ለማይታወቀው ብለን አራተኛ ጀሪካን ስንጭን፣ እሱ አራተኛ የለውም።

ከመነሣታችን በፊት የጉዞ ጓደኛዬ መንዝ ላሉት አጎቱ ደወለላቸው። «ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?» አሉት። «ለማየት ነው፣ ጋሼ።» «ማየት ደግ ነው። መቼ ነው የምትወጡት?» መቼ ትመጣላችሁ አላሉም። ጓደኛዬ የምንደርስበትን ቀን ነገራቸው፤ እሳቸው ግን መልሰው «የምትወጡበትንስ?» አሉት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወረቀታችንን አየነው። የመግቢያው ቀንና ሰዓት በቀይ ተጽፏል፤ የመውጫው ጎን ግን «እንደ ሁኔታው» ይላል። ለእኛ ይህ የነፃነት ምልክት ነበር። ለዘመናት ሐምሌ 5 ቀንን ያከበረ አገር ሰው ሲሰማው ግን ያላለቀ ነገር ነው። የሚወጣበትን ቀን ያልተናገረ ሰው ምን ያህል ሊጠይቅ እንደመጣ አልተናገረም። ሌላው የዝርዝራችን ክፍል ሁሉ፣ ውሃው፣ ናፍጣው፣ በሶው፣ ስለ እኛ ነው፤ መውጫው ብቻ ነው ስለ ቦታው የሚናገረው፤ ባዶ የተውነውም እሱን ነው።

ቀኑን ጻፍነው። በዚህ ጓደኛዬና እኔ ተስማምተናል፤ በቀረው ግን እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ከጓሳው በኋላ በረሃውን ለሌላ ጊዜ እንተወው እላለሁ፤ አስፋልቱን ለቅቀን ወደምንገባበት ምድር የሚጠራን፣ በስማችን የሚናገርልን ሰው እዚያ እስካላገኘን ድረስ ስንቃችን ሙሉ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። እሱ ደግሞ ይህ አነጋገር ለማያልቅ መዘግየት በር ይከፍታል ይላል፤ ሰው የማይጎበኘው ፓርክ ካርታ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ጓሳም ቢሆን ለጎብኚ ማደሪያ የተሠራለት ሣሩ ለድሃው ከመታረስ የተሻለ ጥቅም እንዲኖረው ተብሎ ነው፤ የእኛ ገንዘብና የእኛ ዓይን ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ባልሄድን ቁጥር ቦታውን ለሚያርሰው እንተወዋለን ይላል። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ ዓይን ሲበዛ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይን ሲጎድልም የሚጠፋ አለ። ይህን መልሼ ለማሸነፍ የሚበቃ ነገር እስካሁን አላገኘሁም፤ ከተስማማንበት ጓሳ እንጀምራለን፣ የበረሃውን ጉዳይ ደግሞ እዚያው ላይ፣ ከገደሉ ጫፍ ቆመን ከአጎቱ ጋር እንጨርሰዋለን ብለናል። እሳቸው በወጣትነታቸው ወደ ቆላው ገበያ ወርደው ያውቃሉና ታች ማንን መጠየቅ እንዳለብን ይነግሩን ይሆናል።